ከኮርኒሱ በላይ የተሰማው አኮርዲዮን

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ናይሮቢ ረጅሙን ዝናቧን ጨርሳ ሰማዩ በጠራበት ሰሞን፣ በአንድ ቅዳሜ ቀን ነው። በሥራ ዘመኔ የሌሎችን ጽሑፍ ስተረጉምና ሳርም ኖሬአለሁ፤ ስለ ራሴ ቤት ግን አንድ መስመር እንኳ ጽፌ አላውቅም። አሁን የምጽፈው፣ ያን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር በሰባ አንድ ዓመቴ ልቤ እንደ ልጅ ልብ ስለሚዘልብኝ ነው።

የምኖረው ፓርክላንድስ በሚባል የናይሮቢ ሰፈር፣ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወደዚህ አገር የመጣሁት በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ በተርጓሚነት ለመሥራት ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በዩኒቨርሲቲ የጥንት የብራና ጽሑፎችን አስተምር ነበር። ጡረታ ስወጣ መጻሕፍቴን ጭኖ መመለሱ ከብዶኝ እዚሁ ቀረሁ። የሕንፃው ነዋሪዎች «ምዋሊሙ» ይሉኛል፤ በስዋሂሊ መምህር ማለታቸው ነው። እዚህ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ስኖር ከሰላምታ ያለፈ ነገር ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም።

ግርማ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረኝ። በወጣትነቱ አኮርዲዮን ይጫወት ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በተከራያት ጠባብ ክፍል ሆነን፣ እሱ እየተጫወተ እኔ እየዘፈንኩ ካሴት ቀረጽን። ዘፈኑን የደረሰው እሱ ነው፤ በሰፈሩ ስላለች ባለ ሱቅ ልጅ ነበር። እኔ በዚያ ዘመን ወጣት መምህር ነበርኩና «የተማሪዎቼ ጆሮ ቢገባ ምን እሆናለሁ» ብዬ ፈራሁ። ካሴቱን ለማንም እንዳያሰማ ቃል አስገባሁት። ወንድሜም ቃሉን ጠበቀ።

ግርማ ያረፈው ከአራት ዓመት በፊት ነው። መርዶውን የሰማሁት ናይሮቢ ሆኜ ሲሆን ለቀብሩ አልደረስኩም። ያን ዕለት ከመጻሕፍት መደርደሪያዬ ሥር ያለውን የአሮጌ አምፕሊፋየሬን ሶኬት ነቀልኩት።

በእኛ ልማድ ሐዘን የገባበት ቤት ሙዚቃ አይከፈትም። ጊዜው ሲደርስ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ይመጣል፤ «ይብቃዎት» ይላል፤ ጥቁሩን ያስወልቃል፤ ሬዲዮኑንም ይከፍታል። ሐዘንተኛው በገዛ እጁ አይከፍትም። እዚህ ያሉ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች በመጀመሪያው ሳምንት መጥተው አጽናንተውኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሶኬቱ እንደተነቀለ መቅረቱን ለማንም አልተናገርኩም፤ ያልነገርኩትን ደግሞ ማንም ሊያውቅልኝ አይችልም። አንድ ዓመት ሞላ፣ ሁለት ሞላ፣ አራት ሆነ።

ከዚያ ቅዳሜ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ የግርማ ልጅ ሂሩት ከአዲስ አበባ ደወለች። ሂሩት በአንድ አየር መንገድ የበረራ አስተናጋጅ ናት። እንደ አባቷ ጋሼ ነው የምትለኝ።

«ጋሼ፣ የአባዬን ዕቃ ስናስተካክል አንድ ካሴት አገኘሁ።»

ደነገጥኩ። «ምን ተጽፎበታል?»

«‹ከጋሼ ጋር፤ ማንም እንዳይሰማው› ይላል። የአባዬ እጅ ጽሑፍ ነው።»

«እንግዲያው አትስሚው።»

«አልሰማሁትም። ወደ ፋይል የቀየረልኝ ሰውዬ ግን ሰምቶታል። ምን አለበት ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝና ‹አጎትሽን ጠይቂያቸው› አለኝ።»

«እኔና አባትሽ ቃል ነበረን፣ ሂሩት።»

«ቃሉ የእናንተ ነው፤ እኔ አልማልኩም» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ጋሼ፣ አባዬ አኮርዲዮኑን የሸጠው እኔ ሳልወለድ ነው። ሲጫወት ሰምቼው አላውቅም። እርስዎ ከሌሉበት አልሰማውም፤ ግን መስማቴ አይቀርም።»

ወንድሜን ለአርባ ዓመት ያሰርኩበት ቃል፣ ልጁን የአባቷን ጣቶች እንዳትሰማ እንደሚያደርጋት አስቤው አላውቅም ነበር።

«መቼ ትመጫለሽ?» አልኳት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረራ ይዛ ናይሮቢ እንደምትደርስ፣ አሥር ሰዓት ላይ እኔ ቤት እንደምትገኝና ማታውኑ እንደምትመለስ ነገረችኝ። «በስልክ ስፒከር ግን አልሰማውም፤ እንደ ትንኝ ነው የሚጮኸው። የእርስዎ ትልልቅ ስፒከሮች አሉ አይደል?»

«አሉ» አልኳት። የሶኬቱን ነገር ግን አላነሳሁላትም።

ከሳምንት በኋላ በሥራ ባልደረባዋ እጅ አንድ ትንሽ ነጭ ሳጥን ላከችልኝ። የሳሙና ማስቀመጫ ታክላለች። በቀይና በነጭ ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ትያያዛለች፤ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር ከተዋወቀች በኋላ ደግሞ ሙዚቃውን ያለ ካሴትና ያለ ሲዲ ከኢንተርኔት እየሳበች ታጫውታለች። ስልኩ ማዘዣ ብቻ ነው። ሂሩት የካሴቱን ድምፅ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጣልኝ፣ በስልኬ መክፈቻውን ልካልኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መመሪያውን በእርሳስ እያሰመርኩ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መነሻው ዋይፋይ ነበር። በሕንፃችን ባለቤቱ ለሁላችን አንድ መስመር አስገብቷል፤ ሁሉም ቤት የሚጠቀመው በዚያው ነው። እኔ ግን ጠይቄም አላውቅም ነበር። ወርጄ የሕንፃውን ጠባቂ ሙቱአን የይለፍ ቃሉን ጠየቅኩት።

ሙቱአ ጋዜጣውን አጠፈና አየኝ። ሽማግሌን በአክብሮት «ምዜ» ብሎ ነው የሚጠራው። «ምዜ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ? ዋይፋዩ ከገባ ሦስት ዓመት ሆነው። የእርስዎን ድርሻ እኮ ጎረቤቶችዎ ሲጠጡልዎ ነው የከረሙት።»

«ዛሬ እኔም ልጠጣ ነው» አልኩት። ቀልድ መመለሴ ራሴን አስገረመኝ። እሱም የጋዜጣውን ጠርዝ ቀዶ ጽፎ ሰጠኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍኩት ለመግለጽ ይከብደኛል። ሳጥኗ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ብርቱካንማ ሆና ብልጭ ድርግም ትላለች፤ መመሪያው እንደሚለው ነጭ ሆና መርጋት ነበረባት። ስልኬ ግን ደጋግሞ «ምንም መሣሪያ አልተገኘም» ይለኛል። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ከመደርደሪያው ሥር ተንበርክኬ ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ አነበብኩ። በመጨረሻ ነገሩ ገባኝ። ስልኬ በሲም ካርዱ ኢንተርኔት ላይ ነበር፤ ሳጥኗ ደግሞ የምትጠብቀኝ በሕንፃው ዋይፋይ ላይ ነው። በሁለት የተለያዩ ቤቶች ተቀምጠን ነበር የምንጠራራው። ስልኩን ወደ ዋይፋዩ አዛወርኩት፤ የይለፍ ቃሉን አስገባሁ። መብራቷ ነጭ ሆና ረጋች።

የተቀደደ የብራና ቅጠል ከሌላ ጥራዝ ውስጥ ያገኘሁ ያህል ነበር ደስታዬ። ቆሜ በክፍሉ ውስጥ ተመላለስኩ። ሶኬቱን ግን እንዴት ልሰካ? በአራት ዓመቱ አቧራ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። ለሙከራ ያህል ነው፣ ሙዚቃ አልተከፈተም ብዬ ራሴን አግባባሁና ሰካሁት። የአምፕሊፋየሩ ቀይ መብራት በራች፤ የሞቀ አቧራ ሸተተኝ።

ስህተቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ስልኩ «የት ላጫውት?» ብሎ ዝርዝር ሲያቀርብልኝ፣ በእንግሊዝኛ «ሳሎን» ማለት የሆነው ስም አንዱ ከአንዱ በላይ ሁለት ጊዜ ተጽፎ አገኘሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለት ሳጥኖች አሉ ብሎ ያስብ ነበር። እኔ ግን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በእጅ በተገለበጡ ጽሑፎች ላይ ነው። አንድ መስመር ተከታትሎ ሁለት ጊዜ ሲጻፍ፣ የገልባጩ ዓይን ተመልሶ እንደገና ጽፎት ነው እንላለን፤ የላይኛውን እንይዛለን፣ የታችኛውን እንሰርዛለን። ያለ አንዳች ጥርጣሬ የላይኛውን ነካሁ።

ስልኬ ውስጥ ከካሴቱ በቀር ሌላ ሙዚቃ አልነበረም። አንድ ድምፅ ከወጣ ወዲያው አጠፋዋለሁ፣ ይህም ከሂሩት ቀድሞ መስማት አይባልም ብዬ አስጀመርኩት።

ስፒከሮቹ ዝም አሉ። ድምፁን ጨመርኩ፤ አሁንም ዝም። እስከ መጨረሻው ጨመርኩት። መነጽሬን አውልቄ መደርደሪያው ላይ አኖርኩና ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ያሉትን ሽቦዎች መዳሰስ ጀመርኩ።

ያን ጊዜ ከኮርኒሱ በላይ አኮርዲዮን ሰማሁ።

መጀመሪያ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ከዚያ የግርማ ጣቶች መሆናቸውን ለየሁ። ቀጥሎ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ስለ ባለ ሱቋ ልጅ መዝፈን ጀመረ። ወጣቱ እኔ ነበርኩ፤ ሕንፃው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ እዘፍናለሁ።

ስልኩን አነሳሁ፤ ያለ መነጽር ግን የቱ ማቆሚያ እንደሆነ አይታየኝም። ጭርሱን ዘጋሁት። ዘፈኑ ቀጠለ። ሳጥኗ አንዴ ከታዘዘች በኋላ ስልኩን እንደማትጠብቅ መመሪያው ላይ በገዛ እጄ አስምሬበት ነበር። በቤት ጫማዬ ደረጃውን ሮጬ ወጣሁ። ከሮጥኩ ስንት ዓመቴ እንደሆነ አላውቅም።

ከላዬ የሚኖሩት ሳርላቤን የሚባሉ የጉጅራት ሕንዳዊት ባልቴት ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ጓደኞቻቸው ለጸሎት መዝሙር ይሰበሰባሉ። በሩ ገርበብ ብሏል። ስምንት አሮጊቶች፣ የሚበዙት ነጭ ሳሪ የለበሱ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ። አንደኛዋ በያዘቻቸው ትንንሽ ጸናጽሎች የግርማን ምት ትከተላለች፤ አንድም አልሳተችም። ሳርላቤን ስልካቸውን እንደያዙ ከአንዲት ነጭ ሳጥን ፊት ቆመዋል። ሳጥኗ የእኔዋ መንትያ ናት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የእኔ ጥፋት ነው» አልኩ በእንግሊዝኛ፣ እያለከለክሁ። «እባክዎ ያጥፉልኝ።»

እሳቸው ግን አላጠፉም፤ ዝቅ ብቻ አደረጉት። «ምዋሊሙ፣ ይህ ሰው ማነው የሚዘፍነው?»

አላውቅም ማለት እችል ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ ያን ለማለት ተዘጋጅቼ ኖሬአለሁ። ስምንት ጥንድ ዓይኖች እያዩኝ፣ «እኔ ነኝ» አልኩ።

አንዲት አሮጊት በጉጅራትኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

«ምን አሉ?» አልኩ።

«‹ሰላምታ እንኳ ከአፉ በጭንቅ ነው የሚወጣው የምትዪን ሰውዬ ይህ ነው ወይ› ነው የምትለኝ» አሉ ሳርላቤን። «አኮርዲዮኑን የሚጫወተውስ?»

«ወንድሜ ነው። ሞቷል።»

ሳቁ ቆመ። ሳርላቤን ወዲያው ድምፁን አጠፉት። ልጁ አሥር ሰዓት ላይ እንደምትመጣ፣ አባቷ ሲጫወት ሰምታ እንደማታውቅ፣ አብረን ልንሰማው መቀጣጠራችንን ነገርኳቸው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለማንም ጎረቤት ያን ያህል ቃል ተናግሬ አላውቅም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ፤ ዘጠኝ ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ለጓደኞቻቸው «መዝሙሩን እናንተ ቀጥሉ» አሉና ሳሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀድመውኝ ደረጃውን ወረዱ።

ቤቴ ገብተው ስልኬን ተቀበሉኝ። «ይኸው፣ የላይኛው የእኔ ነው፤ ዋይፋያችን አንድ ስለሆነ እርስዎም ጋ ይታያል፤ ልጄ ሲገጥምልኝ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ስም ሳይቀይረው ቀረ። የታችኛው የእርስዎ ነው። ሁለት መሆናቸውን ሲያዩ ምን መሰለዎት?»

ስለ ገልባጮች ስህተት አስረዳኋቸው። ከልባቸው ሳቁ። «ኧረ ምዋሊሙ፣ እኔን እንደ ስህተት ሊሰርዙኝ ነበራ።»

«እንዲያውም የተሰረዝኩት እኔ ነኝ። እርስዎን ነው የያዝኩት» አልኳቸው።

የአባቷን ድምፅ ለልጅቷ እንቆጥብላት ብለው የራሳቸውን ስልክ አወጡ። የጸሎት መዝሙር መረጡ፤ የታችኛውን «ሳሎን» ሊነኩ ጣታቸውን ዘረጉ። እኔም እጄን ዘረጋሁ፤ ላስቆማቸው ነበር። ከዚያ እጄን መለስኩ።

ነኩት። ከአራት ዓመት በኋላ ቤቴ ውስጥ ሙዚቃ ተሰማ። ቃሉ አልገባኝም፣ ዜማውም የአገሬ አይደለም፤ ነገር ግን የመጻሕፍቴን ጀርባ እየዳበሰ ክፍሉን ዞረው። ሳርላቤን ምን እንዳደረጉ አላወቁም። «ይሠራል» አሉ፣ ድምፁ የሚቀነስበትንና የሚቆምበትን አሳዩኝና ወደ መዝሙራቸው ተመለሱ።

ሂሩት አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ደረሰች። ሻንጣዋን በር ላይ ጥላ «ሠራ?» አለች፤ ሰላምታውን ረስታ። ሳጥኗ ላይ የረጋችውን ነጭ መብራት አሳየኋት። ከስፒከሩ ፊት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እኔም የታችኛውን «ሳሎን» ነካሁ።

መጀመሪያ የክፍሉ ድምፅ መጣ፤ የወንበር መጎተት፣ የግርማ ሳል። ከዚያ አኮርዲዮኑ ትንፋሽ ሳበ። እኔ መዝፈን ስጀምር ሂሩት አፏን በሁለት እጇ ያዘች። «ጋሼ! እርስዎ ነዎት?» እያለች በሳቅ ተንፈራፈረች። ዘፈኑ መሀል ላይ ሲደርስ እኔ ዝም ብዬ አባቷ ለብቻው የሚጫወትበት ቦታ አለ። ሳቋን አቆመች። እጇን ዘርግታ መዳፏን የስፒከሩ ጨርቅ ላይ አሳረፈች፤ አላነሳችውም።

በዚህ መሀል ኮርኒሱ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

የኖርኩበት ልማድ ነውና ዘልዬ ድምፁን ቀነስኩት። እንደገና ተንኳኳ፤ ከፊተኛው ይልቅ ጠንከር ብሎ። ይበልጥ ቀነስኩት። ብዙም ሳይቆይ ደረጃው ላይ የብዙ ነጠላ ጫማ ድምፅ ተሰማ፤ በሩም ተመታ። ስከፍት ሳርላቤን ናቸው፤ ከኋላቸው ስምንቱም አሉ፤ አንደኛዋ በሳህን የሚበላ ነገር ይዛለች።

«ምን ነክቶዎት ነው የቀነሱት?» አሉኝ። «ከፍ ያድርጉት ብለን እኮ ነው የምናንኳኳው። ግማሹን አሰምተውን፣ ግማሹን ከልክለውን ሊያድሩ ነው?»

መልሴን አልጠበቁም፤ ገቡ። ወንበር ስላልበቃ በመጻሕፍት ክምር ላይ ሳይቀር ተቀመጡ። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ተሰብስበው የሚመጡትን ሰዎች አራት ዓመት ጠብቄአቸው ነበር፤ ለምን እንደመጡ የማያውቁ ሆነው መጡ። ሂሩት ቦታዋን ለአንዲት አሮጊት አካፍላ ከመጀመሪያው አስጀመረችው። ባለ ጸናጽሏም ምቷን ያዘች።

የካሴቱን መጨረሻ ረስቼው ኖሬአለሁ። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ግርማ ይስቃል። «ጋሼ፣ አንዴ እንድገመው» ይላል። ወጣቱ እኔም በተጨነቀ ድምፅ «አጥፋው፣ ሰው ይሰማል» እላለሁ። ካሴቱ ቋ ብሎ ያበቃል።

ሂሩት ዕንባዋን እየጠረገች ለእንግዶቹ በእንግሊዝኛ ተረጎመችላቸው። ስምንቱም ሳቁ፤ ሳርላቤን ወደ እኔ ዞረው «ሰው ሰማ እንግዲህ፣ ምዋሊሙ። አሁን ይድገሙት» አሉኝ።

ደገምነው። ሂሩት ወደ አውሮፕላን ማረፊያ እስክትሄድ ድረስ ስንት ጊዜ እንደደገምነው አልቆጠርኩም። ስትሄድ ደረጃው ላይ የአባቷን ዜማ እያፏጨች ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሳጥኔን ስም «ግርማ» ብዬ ቀይሬዋለሁ፤ በጎረቤቶቼ ስልክ ዝርዝር ላይ ሁሉ ይታያል። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የፈራሁት ነገር ሲደርስብኝ እንዲህ ደስ የሚል ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። አሁን ኮርኒሱ ሲንኳኳ ድምፁን እጨምራለሁ።